ያልተጠሩ እንግዶች፦ የፕሮግራም ማስኬጃ ታሪክ በቤት ኮምፒዩተር ውስጥ

በመኖሪያ ቤት የሚገኝ ኮምፒዩተር የያዛቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍቶ የሚመለከት ሰው፣ ከሚያውቃቸው ስሞች መካከል የማያውቃቸውንም ያገኛል። የጽሑፍ ማዘጋጃውን፣ የሒሳብ ሠንጠረዡን፣ የልጆቹን ጨዋታ ራሱ አስገብቷቸዋልና ያውቃቸዋል። ከእነዚህ ጎን ግን «ጃቫ»፣ «ዶት ኔት»፣ «ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ» የሚሉ ስሞች ይታያሉ፤ አንዳንዶቹም የተለያየ የዓመት ቁጥር እየተቀጠለላቸው አምስትና ስድስት ጊዜ ተደጋግመው ተሰልፈዋል። ባለቤቱ አልጠራቸውም፤ የሚከፍቱት መስኮት የላቸውም፤ ምን እንደሚሠሩም የሚነግረው የለም። ቦታ ለማስለቀቅ ሲል አንዱን ቢያጠፋ ግን፣ በማግስቱ ከዚያ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሚመስል ሌላ ፕሮግራም አልነሣም ይለዋል።

እነዚህ እንግዶች በእንግሊዝኛ አጠራራቸው «ራንታይም» ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ «ማስኬጃ» የሚለው ቃል ይወክላቸዋል። ማስኬጃ ማለት አንድ ፕሮግራም ተጽፎ ካለቀ በኋላ፣ በሚሠራበት ሰዓት የሚያስፈልገውንና ራሱ ይዞት ያልመጣውን ነገር የሚያቀርብለት የሶፍትዌር ክፍል ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው «ይህን ፋይል ክፈት»፣ «የዚህን ቁጥር ስኩዌር ሩት አውጣ»፣ «ለዚህ ስም ማስቀመጫ ቦታ ስጥ» ብሎ በአንድ መሥመር የሚያዘው ትእዛዝ በማሽኑ ቋንቋ ሲተረጐም በመቶ የሚቈጠሩ ትእዛዞች ሊሆን ይችላል። እነዚያን መቶዎች ጽፎ፣ ፈትኖ፣ አዘጋጅቶ የሚጠብቀው ማስኬጃው ነው።

ነገሩ ለባለሞያዎች ብቻ የተተወ ጥቃቅን ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በውስጡ አንድ ሸክም አለ፤ ይኸውም ማስኬጃውን ማን ይሸከም የሚለው ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው፣ ማሽኑን ወይም ስርዓተ ክወናውን የሠራው፣ ወይስ ማሽኑን በገንዘቡ የገዛው? ይህ ሸክም ከሰባ ዓመታት በላይ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ኖሯል። በተዘዋወረ ቍጥርም አንዳንዱ ሀብት አግኝቷል፤ አንዳንዱ ፍርድ ቤት ቆሟል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ነገሩን ያላወቀው የቤት ተጠቃሚ ዋጋ ከፍሏል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የካምብሪጁ ቁም ሣጥን

የማስኬጃ ሐሳብ ከቤት ኮምፒዩተር በብዙ ዓመታት ይቀድማል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በሞሪስ ዊልክስ መሪነት የተሠራው «ኤድሳክ» የተባለው ኮምፒዩተር የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ያካሄደው ሜይ 6 ቀን 1949 ነው። በማሽኑ የሚገለገሉት ተመራማሪዎች ብዙም ሳይቆዩ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ፊዚክስ የሚያሰላውም፣ ሥነ ሕይወት የሚያጠናውም፣ ሁሉም አንድ ዐይነት ክፍሎችን ደጋግመው ይጽፋሉ፤ ደጋግመውም ይሳሳታሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተጽፎ በትክክል እንደሚሠራ የተረጋገጠ ክፍል በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ተመዝግቦ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ ተደረገ። ፈላጊው ጥብጣቡን ያወጣል፤ በመገልበጫ መሣሪያ ወደ ራሱ ጥብጣብ ይገለብጣል፤ ዋናውን ወደ ቦታው ይመልሳል። እስከ 1951 ድረስ በዚህ ዐይነት 87 ክፍሎች ለጋራ አገልግሎት ተዘጋጅተው ነበር። ፕሮግራም ወደ አንዱ ክፍል ዘሎ ከሄደ በኋላ ሥራውን ጨርሶ ወደ ተነሣበት ቦታ የሚመለስበትን ዘዴ ያወጣው ዴቪድ ዊለር ነው። ዊልክስ፣ ዊለርና ስታንሊ ጊል በ1951 ያሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ አሠራር ለሌሎች አስተማረ። ዛሬ ፕሮግራም ጸሐፊዎች «ላይብረሪ» ሲሉ የሚናገሩት ቃል በዚያ ዘመን ምሳሌ አልነበረም፤ በእጅ የሚከፈት ሣጥን ነበረ።

ከእነዚያ ክፍሎች መካከል ለየት ያሉ ነበሩ። ማሽኑ በተፈጥሮው የማያውቃቸውን ትእዛዞች፣ ለምሳሌ የተንሳፋፊ ነጥብ ቍጥሮችን ስሌት፣ አንድ በአንድ እያነበቡ በሚያውቃቸው ትእዛዞች የሚፈጽሙለት ነበሩ። አስተርጓሚ ማለት ይህ ነው። ማሽኑ ያልሆነውን እንዲመስል የሚያደርግ ፕሮግራም በማሽኑና በጸሐፊው መካከል ቆመ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ፣ የተዘጋጀው ክፍልና የአስተርጓሚው፣ ዘር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

38,911 ባይት

ኮምፒዩተር ወደ መኖሪያ ቤት መግባት የጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1975 ለሽያጭ የቀረበው «አልቴር 8800» ከነመነሻው 256 ባይት ማኅደረ ትውስታ ብቻ ነበረው፤ የፊደል ሰሌዳም መስታየትም አልነበረውም። ቢል ጌትስና ፖል አለን፣ የስሌቱን ክፍል ከጻፈላቸው ከሞንቴ ዴቪዶፍ ጋር ሆነው፣ ለዚህ ማሽን የቤዚክ ቋንቋ አስተርጓሚ አዘጋጁ። ማሽኑ በእጃቸው ስላልነበረ ሥራቸውን የሞከሩት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረ ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ የአልቴርን ፕሮሰሰር የሚያስመስል ፕሮግራም በመጻፍ ነው። የአስተርጓሚው አነስተኛ ዝርያ በ4 ኪሎባይት ውስጥ የሚገባ ነበር። ማይክሮሶፍት የተባለው ድርጅት የቆመው እንግዲህ በማስኬጃ ላይ ነው፤ የመጀመሪያ ሸቀጡ ሌሎች ሰዎች ለሚጽፉት ፕሮግራም መሠረት የሚሆን ነገር ነበርና።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አምራቾች አስተርጓሚውን በማይጠፋ ማኅደረ ትውስታ ላይ አትመው ከማሽኑ ጋር መሸጥ ያዙ። የ1982ቱ «ኮሞዶር 64» ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ባለቤቱ ማሽኑን እንዳበራ፣ ፕሮግራም ሳያስገባ፣ ቴፕም ሳያጫውት፣ 38,911 ባይት ለቤዚክ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ በሰማያዊ መስኮት ላይ ያነብባል። ብዙ ሰው ያንን ቍጥር ሺህ ጊዜ አይቶታል፤ 64 ኪሎባይት ማለት 65,536 ባይት ሆኖ ሳለ የቀረው የት እንደ ገባ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

መልሱ የማስኬጃን ምንነት ከማናቸውም ትርጓሜ ይልቅ ያስረዳል። ከአድራሻ 0 ጀምሮ ያሉትን የመጀመሪያ 2,048 ባይቶች ማሽኑ ለራሱ መዝገብ፣ ለመመለሻ አድራሻዎችና በመስኮቱ ላይ ለሚታዩት ፊደሎች ይይዛቸዋል። አንዲት ባይት መለያ ሆና ትቀመጣለች። የተጠቃሚው ፕሮግራም የሚጀምረው ከ2,049 ነው። በ40,960 ላይ ደግሞ 8 ኪሎባይት ስፋት ያለው የቤዚክ አስተርጓሚ ይጀምራል፤ ከበላዩም የፊደል ሰሌዳውን፣ ቴፑንና መስኮቱን የሚያንቀሳቅስ ሌላ 8 ኪሎባይት አለ። ከ40,960 ላይ 2,049 ሲቀነስ 38,911 ይሆናል። ያ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ቍጥር ማስኬጃው የራሱን ከያዘ በኋላ ለእንግዳው የተረፈው ቦታ ነበር።

ዋጋው በቦታ ብቻ የሚቈም አልነበረም። አስተርጓሚው አንድን መሥመር መቶ ጊዜ ቢያልፍበት መቶ ጊዜ ያነበዋል፤ ባለፈው ጊዜ የተረዳውን አይዝም። ወደ ኋላ ወዳለ መሥመር ሂድ የሚል ትእዛዝ ሲገጥመው ያንን ቍጥር የሚፈልገው ከፕሮግራሙ የመጀመሪያ መሥመር ተነሥቶ ነው። ይህን የተረዱ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠሩትን ክፍል ከፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ከዚህም የሚብስ ነበር፤ ፕሮግራሙ ብዙ ስሞችንና ጽሑፎችን እያፈራረቀ ሲሠራ ማኅደረ ትውስታው በማይፈለጉ ቅሪቶች ይሞላል። በዚያን ጊዜ አስተርጓሚው ሥራ አቁሞ ጽዳት ይጀምራል፤ የጽዳቱም ዘዴ እጅግ ቀርፋፋ ስለ ነበር ማሽኑ ለብዙ ሴኮንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች፣ የሞተ መስሎ ይቆያል። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው አጥፍቶ ያበራዋል፤ የጻፈውንም ያጣል።

ሆኖም በዚያ ዘመን ሸክሙ በማን ላይ እንደ ነበር ግልጽ ነው። የተሸከመው ማሽኑን የሠራው ነው። ባለቤቱ የሚያስገባው፣ የሚያድሰው፣ በስሕተት የሚያጠፋው ነገር አልነበረም። በአንጻሩ ስሕተት ቢገኝበት የሚታረምበት መንገድ አልነበረም፤ በቺፑ ላይ የታተመ ጽሑፍ ታትሟል።

ያልነበረ ማሽን

በዚያው ዘመን ሌላ ሐሳብ ይበስል ነበር። በዙሪክ በኒክላውስ ዊርት ዙሪያ የነበሩ ሰዎች የፓስካል ቋንቋን ወደ ተለያዩ ኮምፒዩተሮች ለማድረስ ሲሉ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በብረትና በሽቦ ያልተሠራ፣ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ማሽን አሰቡ፤ ቋንቋውም «ፒ ኮድ» ተባለ። ኮምፓይለሩ ለዚህ ለሌለው ማሽን ይጽፋል፤ በእያንዳንዱ እውነተኛ ማሽን ላይ ደግሞ ያንን የሚያስተረጕም አነስተኛ ፕሮግራም ይቀመጣል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ዲዬጎ ቅርንጫፍ ኬኔዝ ቦውልስ ይህንን ሐሳብ ለተማሪዎች ማሽኖች በማዋል «ፒ ሲስተም» የተባለውን ሙሉ አካባቢ አስገኘ። አይ.ቢ.ኤም. በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ ገዢው ሊመርጣቸው ከቀረቡለት ሦስት ስርዓተ ክወናዎች አንዱ ይኸው ነበር። ፒሲ ዶስ 40 ዶላር፣ ሲፒኤም 86 ደግሞ 240 ዶላር ይሸጡ ነበር። ገዢው የትኛውን እንደ መረጠ ይታወቃል። የፒ ሲስተም ድክመት በዋጋ ብቻ የሚታይ አልነበረም፤ በየትም ቦታ የመሥራት ጥቅሙን በዝግታ ይከፍለው ነበርና አንድ ማሽን ብቻ ላለው ሰው «በሌላውም ማሽን ይሠራል» የሚለው ቃል ብዙ ትርጕም አልነበረውም።

ለሸቃጩ ግን ትርጕም ነበረው። «ኢንፎኮም» የተባለው የአሜሪካ የጨዋታ ድርጅት፣ መሥራቾቹ ጆኤል ቤሬዝና ማርክ ብላንክ በ1979 የነደፉትን «ዚ ማሽን» የተባለ ምናባዊ ኮምፒዩተር ይዞ ተነሣ። በ1980 ከወጣው ከ«ዞርክ» ጀምሮ አብዛኞቹ ጨዋታዎቹ ለዚህ ማሽን ተጻፉ። አዲስ ዐይነት የቤት ኮምፒዩተር በገበያ ላይ በታየ ቍጥር ድርጅቱ የሚጽፈው አንድ አስተርጓሚ ብቻ ነበር፤ ጨዋታዎቹ ሁሉ ተከትለው ይገባሉ። ማስኬጃው በዲስኩ ላይ ከጨዋታው ጋር ስለሚመጣ ተጫዋቹ መኖሩንም አያውቅም ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከታዩት አሠራሮች ሁሉ ለተጠቃሚው እጅግ ደግ የነበረው ይህ ነው ማለት ይቻላል።

የጠፋው ፋይል

በ1990ዎቹ ዊንዶውስ የቤት ኮምፒዩተሮች የጋራ ቤት ሲሆን ሸክሙ ሳይታሰብ በባለቤቱ ላይ ወደቀ። ዊንዶውስ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድነት የሚገለገሉባቸውን «ዲ.ኤል.ኤል.» የሚባሉ ፋይሎች በአንድ የጋራ መዝገብ ያስቀምጥ ነበር፤ የካምብሪጁ ቁም ሣጥን እንደገና ተከፈተ፤ ልዩነቱ አሁን ከሣጥኑ የሚገለብጥ የለም፤ ሁሉም እየመጣ ከዚያው ያነባል። ማይክሮሶፍት በ1991 ያወጣው «ቪዥዋል ቤዚክ» ብዙ ተራ ሰዎችን ፕሮግራም ጸሐፊ አደረገ። የሚጽፉት ፕሮግራም ግን ብቻውን አይቆምም ነበር። የ1993ቱ ሦስተኛ እትም «ቪቢራን 300» የተባለውንና ወደ 400 ኪሎባይት የሚጠጋውን ፋይል ይሻል። በስልክ መሥመር ፕሮግራም ለሚለዋወጥ ሰው ያ ብዙ ደቂቃ ነው፤ አንዱ ፕሮግራም ራሱ ከ50 ኪሎባይት የማይበልጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ማስኬጃውን ትተው ፕሮግራሙን ብቻ ያሠራጩ፣ «ቪቢራን 300 ያስፈልጋል» የሚል ማስታወሻም ያያይዙ ነበር። የቤት ተጠቃሚው የማያውቀውን ፋይል ፈልጎ እንዲያመጣ የታዘዘው ያኔ ነው።

ከዚህ የከፋው የመተካካቱ ነገር ነበር። አንድ ፕሮግራም ሲገባ የጋራውን ፋይል በራሱ ቅጂ ይተካል፤ ቅጂው ከነበረው የቆየ ከሆነ፣ ትናንት ሲሠራ የነበረ ሌላ ፕሮግራም ዛሬ ይወድቃል። ጥፋተኛው በሰላም ይሠራል፤ የሚከሰሰው የወደቀው ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህንን ሁኔታ «የዲ.ኤል.ኤል. ሲኦል» ብለው የጠሩት በምክንያት ነው። ዊንዶውስ 2000 የስርዓተ ክወናውን ዋና ዋና ፋይሎች ከመተካት መጠበቅ ጀመረ፤ የ2001ዱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ የአንድ ፋይል የተለያዩ እትሞች ጎን ለጎን እንዲኖሩ ፈቀደ። ሰላም ወረደ፤ ነገር ግን ዝርዝሩ ረዘመ።

በዛሬው ኮምፒዩተር ላይ «ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ» የሚለው ስም ተደጋግሞ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። የ2005፣ የ2008፣ የ2010፣ የ2012 እና የ2013 እትሞች አንዱ ሌላውን አይተካም፤ በ2008ቱ ኮምፓይለር የተዘጋጀ ፕሮግራም የሚፈልገው የ2008ቱን ማስኬጃ ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ለ32 ቢትና ለ64 ቢት ሁለት ሁለት ሆኖ ይመጣል። ከ2015ቱ ጀምሮ የወጡት ግን እርስ በርስ እንዲስማሙ ሆነው ስለ ተሠሩ በአንድ ስም ሥር ተጠቃለዋል። ስለዚህ ድግግሞሹ ቆሻሻ አይደለም፤ አንዱን ማጥፋትም ቦታ እምብዛም አይሰጥም።

እዚህ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ጉዳይ ሊነሣ ይገባዋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአማርኛ ጽሑፍ ማዘጋጃዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የፊደል ቅርጽና የራሳቸውን የቍጥር አሰጣጥ ተሸክመው ይመጡ ነበር። በአንደኛው የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። የመሥሪያ ቤት ፋይሎችን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማዛወር የደከሙ ባልደረቦች ይህንን አይረሱትም። ፊደሉ ወደ ጋራው መሠረት ሲወርድ፣ በኋላም ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 «ንያላ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ከራሱ ጋር ይዞ ሲወጣ፣ ፕሮግራሙ ስለ ፊደሉ መጨነቁን ተወ። አንድ ነገር ከፕሮግራሙ ወጥቶ ወደ ታችኛው መሠረት መውረዱ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለአማርኛ አንባቢ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አይገኝም።

ጃቫ

በ1991 «ሰን ማይክሮሲስተምስ» በተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ውስጥ ጄምስ ጎስሊንግ፣ ማይክ ሸሪዳንና ፓትሪክ ኖውተን በቤት ውስጥ መገልገያ ዕቃዎች ላይ የሚሠራ ቋንቋ ማዘጋጀት ጀመሩ። የቴሌቪዥን መቈጣጠሪያ አምራቾች ቺፕ በየጊዜው ስለሚለዋውጡ፣ ለአንድ ቺፕ ብቻ የተጻፈ ፕሮግራም አይጠቅማቸውም ነበር፤ ስለዚህ ያ ያልነበረ ማሽን ዳግመኛ ተፈለገ። ቋንቋው በመጀመሪያ «ኦክ» ይባል ነበር። ስሙ በሌላ ድርጅት ተይዞ ስለ ተገኘ «ጃቫ» ተባለ፤ ከቡና የተወሰደ ስም ነው፤ ቡናውም ስሙን ያገኘው ከኢንዶኔዥያዋ ደሴት ነው። ደሴቲቱ ራስዋ ቡናን ከሌላ ስፍራ የተቀበለች መሆኗን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስታወስ አያሻም።

ሜይ 23 ቀን 1995 ጃቫ ለሕዝብ ሲገለጽ ዓላማው ከመገልገያ ዕቃ ወደ ኢንተርኔት ዞሮ ነበር። ተስፋው አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም በየትም ይሠራል የሚል ነው። ይህ የፒ ሲስተም ተስፋ ነው፤ አሁን ግን ጊዜው ደርሷል። በኢንተርኔት ፕሮግራሙን የሚልከው ሰው በሌላው ጫፍ ምን ዐይነት ማሽን እንዳለ አያውቅምና።

የጃቫ ፕሮግራም ሲነሣ የሚሆነውን በቅርብ መመልከት ይጠቅማል። ማስኬጃው ፋይሉን ከፍቶ በመጀመሪያ አራት ባይቶችን ያነብባል፤ ቍጥራቸው 202፣ 254፣ 186 እና 190 ካልሆነ ወዲያው ይመልሰዋል። (እነዚህ በአሥራ ስድስት ቤት አቈጣጠር ሲጻፉ «ካፌ ቤብ» ተብለው ይነበባሉ፤ የሠሪዎቹ ቀልድ ነው።) ቀጥሎ መርማሪው ይመጣል። ፕሮግራሙ ከክልሉ ውጭ ወዳለ ቦታ የሚዘል፣ ተራ ቍጥርን እንደ ማኅደረ ትውስታ አድራሻ የሚጠቀም፣ ካስቀመጠው በላይ የሚያወጣ እንደ ሆነ ገና ሳይነሣ ይመረምረዋል። ከማያውቁት ሰው የመጣን ፕሮግራም በቤት ማሽን ላይ ለማስኬድ ድፍረት የሰጠው ይህ ምርመራ ነው። ከዚያ አስተርጓሚው ሥራ ይጀምራል፤ ነገር ግን እንደ ኮሞዶሩ ያየውን የሚረሳ አይደለም። የትኛው ክፍል ስንት ጊዜ እንደ ተጠራ ይቈጥራል፤ ደጋግሞ የሚጠራውንም ወደ እውነተኛው ማሽን ቋንቋ ተርጕሞ ያስቀምጠዋል። በ1999 የወጣውና «ሆትስፖት» የተባለው ማስኬጃ ይህን ዘዴ ስላራቀቀው፣ ጃቫ ቀርፋፋ ነው የሚለው የቀድሞ ወቀሳ ብዙ ጕልበቱን አጣ። በመጨረሻም ጽዳቱ አለ። ፕሮግራሙ የማይደርስበትን ማኅደረ ትውስታ ለይቶ ነጻ የሚያደርገው ክፍል፣ ጆን ማካርቲ በ1960 አካባቢ ለሊስፕ ቋንቋ ያወጣው ሐሳብ ልጅ ነው፤ ኮሞዶሩን ያስቆም ከነበረው ጋር ዘመድ ቢሆንም በጥበብ እጅግ ይበልጠዋል።

ሥራው ያማረ ነበር፤ ጠቡም እንደዚያው ትልቅ ሆነ። ፕሮግራሞች ሁሉ በጃቫ ላይ ከቆሙ ከታች ያለው ስርዓተ ክወና የማንም ቢሆን ልዩነት የለውም፤ ይህ ደግሞ ማይክሮሶፍትን የሚነካ ነገር ነው። ማይክሮሶፍት በፈቃድ የወሰደውን ጃቫ ከዊንዶውስ ጋር ብቻ በሚስማማ መንገድ ለውጦታል በሚል ሰን በ1997 ከሰሰው። በጃኑዋሪ 2001 ማይክሮሶፍት 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ክሱ ተዘጋ፤ በ2004 በተደረገ ሰፋ ያለ ስምምነት ደግሞ በድምሩ 1.95 ቢሊዮን ዶላር ለሰን ከፈለ። በእነዚህ ትላልቅ ቍጥሮች መካከል የቤት ተጠቃሚውን የነካው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ በኦክቶበር 2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲወጣ ጃቫ በውስጡ አልነበረም። የሚፈልግ ራሱ አምጥቶ ያስገባ ተባለ።

ሸክሙ በተጠቃሚው ላይ ሙሉ በሙሉ ያረፈው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው። ሰንን በጃኑዋሪ 2010 ኦራክል ገዛው። በአፕሪል 2012 «ፍላሽባክ» የተባለ ተንኰለኛ ፕሮግራም በጃቫ ቀዳዳ ገብቶ ወደ 600,000 የሚደርሱ የማክ ኮምፒዩተሮችን መያዙ ታወቀ። በጃኑዋሪ 2013 የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሕዝቡ ጃቫን ከኢንተርኔት መመልከቻው እንዲያግድ መከረ። እጅግ የሚገርመው ግን የ2015 ማብቂያው ነገር ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዳስታወቀው፣ ከ850 ሚሊዮን በላይ በሚሆኑ የግል ኮምፒዩተሮች ላይ የነበረው ጃቫ ሲታደስ፣ ኦራክል ተጠቃሚዎችን ደኅንነታቸው እንደሚጠበቅ እየነገረ፣ ማደሻው ያጠፋ የነበረው የቅርቡን የቀድሞ እትም ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ቀዳዳቸው ለጠላት የታወቀው እትሞች፣ በማሽኑ ላይ ይቀመጡ ነበር። የታዘዘውን የፈጸመ፣ «አድስ» ሲባል ያደሰ ሰው በሩን ቈልፎ መስኮቱን ክፍት ትቶ ያድር ነበር። ይህን ዝርዝሩን ከፍቶ ካላየ በቀር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ዝርዝሩን ቢያይም ማን አስረድቶት ይለየዋል?

በኢንተርኔት መመልከቻ ውስጥ ይሠራ የነበረው የጃቫ ክፍል በ2018 ከወጣው ከአሥራ አንደኛው እትም ጀምሮ ቀርቷል። «ፍላሽ» የተባለው የአዶቢ ማስኬጃም ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድጋፉ አበቃ፤ ጃኑዋሪ 12 ቀን 2021 ፕሮግራሙ ራሱ ማንኛውንም የፍላሽ ሥራ ማሳየት አቆመ። ለሃያ ዓመታት የተሠሩ የልጆች ጨዋታዎች፣ የትምህርት ፊልሞችና ሥዕሎች በአንድ ሌሊት ቆሙ። አንዳቸውም አልተበላሹም፤ የቆሙበት ተነሣ እንጂ።

ስለ ዶት ኔት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ማይክሮሶፍት ከጃቫው ጠብ በኋላ በ2002 ያወጣው የራሱ ማስኬጃ ነው፤ በመካከለኛ ቋንቋ ተጽፎ በሚሠራበት ሰዓት መተርጐሙ፣ ጽዳቱና ምርመራው ሁሉ ከጃቫ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ልዩነቱ ዊንዶውስ ራሱ ተሸክሞት መምጣቱና ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መታደሱ ነው። ለቤት ተጠቃሚው ይህ ልዩነት ቀላል አልነበረም።

ከጃቫ ባለቤትነት የተነሣው ክርክር ግን ገና ነበር። ኦራክል በ2010 ጉግልን ከሰሰ፤ ምክንያቱ የአንድሮይድ ስልኮች ስርዓት የጃቫን የላይብረሪ አጠራር ወደ 11,500 መሥመር ያህል ቀድቷል የሚል ነበር። ጥያቄው ክፍሉን ስለ መቅዳት አልነበረም፤ ክፍሉ የሚጠራበትን ስምና ሥርዓት መቅዳት ይፈቀዳል ወይ የሚል ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአፕሪል 2021 ስድስት ለሁለት በሆነ ድምፅ የጉግል አድራጎት ተገቢ አጠቃቀም ነው ሲል ወሰነ። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ለዓመታት የተለማመዱትን አጠራር ይዘው ወደ አዲስ መሠረት የሚሻገሩበት መንገድ በዚህ ተከፍቶ ቀረ።

ወደ ጥብጣቡ መመለስ

በ2010ዎቹ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የጋራውን ሣጥን መተው ጀመሩ። በጃቫ የተጻፈው «ማይንክራፍት» የተባለው ዝነኛ ጨዋታ የራሱን ጃቫ ይዞ ይመጣል። በ2013 የተጀመረው «ኤሌክትሮን» የሚባለው አሠራር ደግሞ እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ሙሉ የኢንተርኔት መመልከቻ ተሸክሞ እንዲመጣ ያደርጋል፤ አምስት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ያሉት ሰው አምስት መመልከቻዎች አሉት ማለት ነው። አዲሱ ዶት ኔትም ጸሐፊው ከፈለገ ማስኬጃውን ከፕሮግራሙ ጋር አሽጎ እንዲልክ ይፈቅዳል። ከሣጥኑ ወስዶ ወደ ራስ ጥብጣብ መገልበጥ፣ የ1949ኙ አሠራር፣ በመቶ ሜጋባይት ልክ ተመለሰ።

ቦታን ያባክናል ብሎ መንቀፍ ይቻላል፤ ቦታ ግን ረክሷል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። በሴፕቴምበር 2023 «ዌብፒ» የተባለውን የሥዕል ዐይነት በሚፈታው ላይብረሪ ውስጥ አደገኛ ቀዳዳ ተገኘ። ዋናዎቹ የኢንተርኔት መመልከቻዎች በጥቂት ቀናት ታረሙ። ያንኑ ላይብረሪ በሆዳቸው የያዙት የኤሌክትሮን ፕሮግራሞች ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ በየጸሐፊዎቻቸው ትጋት ልክ፣ መታረም ነበረባቸው። የጋራው ሣጥን አንድ ጊዜ ሲጠገን ለሁሉ ይጠገናል፤ ሲሰበርም ለሁሉ ይሰበራል። የግል ጥብጣብ ማንንም አይነካም፤ ማንም ግን አይጠግንለትም። ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው ጸሐፊው ነው፤ ውጤቱን የሚቀበለው ደግሞ የቤቱ ባለቤት ነው፤ ምርጫው መደረጉንም አይሰማም።

ያረጁ ፕሮግራሞች ዕድልም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ1980 የተዘጋጀው የ«ዞርክ» ፋይል ዛሬ በኪስ ስልክ ላይ ይሠራል፤ ዚ ማሽን አነስተኛና የታወቀ ስለ ሆነ ፍላጎት ያለው ሁሉ አዲስ አስተርጓሚ ሊጽፍለት ይችላልና። በ1993ቱ ቪዥዋል ቤዚክ የተጻፈ የአንድ ቤተሰብ የሒሳብ መዝገብ ግን፣ ቪቢራን 300 ቢገኝለትም እንኳ፣ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይነሣም፤ በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ64 ቢት በቀር ሌላ ዝርያ የለውም። የ1998ቱ ስድስተኛው እትም ዕድል ከዚህ ይለያል። ማይክሮሶፍት ፕሮግራም መጻፊያውን መደገፍ በ2008 ቢያቆምም፣ በዚያ የተጻፉ ፕሮግራሞች በየድርጅቱና በየቤቱ እጅግ ብዙ ስለ ነበሩ ማስኬጃውን ሊነሣቸው አልቻለም። ያ ፋይል ዛሬም በዊንዶውስ 11 ውስጥ ተካትቶ ይመጣል፤ በዝርዝሩም ላይ አይታይም።